ሊኑክስ ሚንትን ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ መጫን፦ ከፍላሹ ዝግጅት እስከ ዋይፋይ፣ ባትሪና የአማርኛ ኪቦርድ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስለዚህ በየሱቁ ያገለገሉ ሆነው የሚሸጡት ቲንክፓድ ቲ430 እና ቲ440፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1፣ ዴል ላቲቲዩድ ኢ7440 እና እኩዮቻቸው በደንቡ መሠረት ወደ ዊንዶውስ 11 አይሻገሩም። ማሽኖቹ ግን ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ናቸው።

እዚህ የምናሳየው በዊንዶውስ ቦታ ወይም ጎን ለጎን የሚጫን ነጻ ስርዓተ ክወና የሆነውን ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። ሚንት 22 የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ያገኛል። ከሌሎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የመረጥነው የድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራ ፕሮግራም) ማኔጀሩ ለጀማሪ ቀላል ስለሆነ ነው፤ አብዛኛው ሥራ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ሳይከፈት ያልቃል። ራም 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካለዎት «ሲናመን» የተባለውን እትም፣ ከዚያ በታች ከሆነ «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለውን ያውርዱ። ዲስኩ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ያስፈልጋል፤ ተመችቶት የሚሠራው ግን ከ50 ጊጋባይት በላይ ሲያገኝ ነው።

መጫኑ ራሱ በኤስኤስዲ (በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ላይ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሰው የሚቸገረው አስቀድሞ ያልፈተሸውን ሃርድዌር ዊንዶውሱን ካጠፋ በኋላ «አይሠራም» ብሎ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ክፍሎች ሁሉ በጥንቃቄ እንዲሠሩት የምንለምነው ሳይጭኑ መፈተሽ የሚለውን ነው።

ላፕቶፑ ገና ሲገዛ

ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ የባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ፓስወርድ እንደተቆለፈባቸው ይሸጣሉ። ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑን አስነስተው ባዮስ ውስጥ ይግቡ። ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴልና ኤሰር ላይ ኤፍ2 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ይተዉት። በቲንክፓድ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ ቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ነው።

እዚያው ባዮስ ውስጥ ሳሉ ቀኑንና ሰዓቱን ይመልከቱ። ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ የባዮስ ባትሪው ሞቷል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀኑ ከተሳሳተ ፋየርፎክስ ድረ ገጾችን «የደኅንነት ሰርተፍኬቱ ልክ አይደለም» እያለ አይከፍትም፣ የሚንት ማሻሻያም «ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔት ችግር አድርጎ ይፈልገዋል። መፍትሔው ግን ሲአር2032 የምትባለዋን ክብ ባትሪ መቀየር ብቻ ነው።

ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ከሁሉ በፊት 2.5 ኢንች፣ 7 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የሳታ ኤስኤስዲ ይቀይሩት። ራም ከመጨመርም በላይ ለውጡ የሚታየው በዚህ ነው። ቲ430 ላይ የዲስኩ ክዳን የሚያዘው በአንድ ብሎን ነው።

ገና ዊንዶውስ ላይ እያሉ

ፎቶ፣ ሰነድና የብሮውዘር ፓስወርድ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ዊንዶውሱን አስቀርተው ሊኑክስን ጎን ለጎን ሊጭኑ ከሆነ ሦስት ነገሮች ግድ ናቸው።

መጀመሪያ «ፋስት ስታርትአፕ» ይጥፋ። በኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «የፓወር ቁልፎች ምን ያድርጉ» በሚለው ውስጥ ይገኛል። ይህ ካልጠፋ ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ሲባል በትክክል አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ፓርቲሽኑን (ያለበትን የዲስክ ክፍል) እንደያዘ ይቆያል። ያኔ ሊኑክስ ፓርቲሽኑን አይነካም፣ ወይም ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል።

ሁለተኛ፣ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ምስጠራ) መኖሩን ያረጋግጡ። ካለ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁልፍ በወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ያጥፉት። ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ቅንብር) ነክተው ሲመለሱ ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይልዎ አይመለስም።

ሦስተኛ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ከፍተው የሲ ፓርቲሽንን «ሽሪንክ» በሚለው ያሳንሱና ቢያንስ 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይተዉ። ባዶውን ቦታ ፎርማት አያድርጉት፤ እንዲሁ «አንአሎኬትድ» ሆኖ ይቆይ። ብዙ ነጻ ቦታ እያለ ዊንዶውስ ጥቂት ብቻ ልቀንስ ካለ፣ መሐል ላይ የተቀመጡ የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች አሉ ማለት ነው። ሃይበርኔሽንን፣ የፔጅ ፋይልንና ሲስተም ሪስቶርን ለጊዜው አጥፍተው ሪስታርት አድርገው እንደገና ይሞክሩ።

ዊንዶውሱ የተነሳው በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ በዩኢኤፍአይ ይሁን በድሮው «ሌጋሲ» ዘዴም ይመልከቱ፤ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ባዮስ ሞድ» ከሚለው አጠገብ ተጽፏል። ሊኑክሱም በዚያው ዘዴ መጫን አለበት።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የሚንት አይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ የሚያወርዱ ከሆነ በቶረንት ያውርዱት፤ ኔትወርኩ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሲጨርስም ፋይሉ መሙላቱን ራሱ ያረጋግጣል። በብሮውዘር ካወረዱት ግን የሻ256 ቁጥሩን (የፋይሉን መለያ አሻራ) ያነጻጽሩ። ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም አይኤስኦውን ሲመርጡ አጠገቡ ያለችውን የራይት ምልክት ቢነኩ 64 ሆሄ ያለው ቁጥር ያወጣል። ከሚንት ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ፋይሉ ተበላሽቷልና እንደገና ይውረድ። መሐል ላይ «ፋይል መቅዳት አልተቻለም» ብሎ የሚቆም ጭነት ብዙ ጊዜ መነሻው የተበላሸ አይኤስኦ ወይም ያረጀ ፍላሽ ነው።

ፍላሹ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። በሩፈስ ውስጥ ለዩኢኤፍአይ ማሽን የፓርቲሽን ስልቱን ጂፒቲ፣ ለድሮ ማሽን ኤምቢአር አድርገው ይጀምሩ። «በአይኤስኦ ወይስ በዲዲ ዘዴ ልጻፍ» ብሎ ሲጠይቅ አይኤስኦውን ይምረጡ፤ ፍላሹ አልነሳ ካለ ብቻ በዲዲ ይድገሙት።

ከፍላሽ ማስነሳት

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ፍላሹን ይሰኩ፣ ሲያበሩት የማስነሻ ምርጫ ቁልፉን ደጋግመው ይምቱ። ለቲንክፓድ፣ ለዴልና ለቶሺባ ኤፍ12፣ ለኤችፒ ኤፍ9፣ ለአሱስ ኢስኬፕ ነው። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ቢሆንም በብዙዎቹ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ «ኤፍ12 ቡት ሜኑ» የሚለው መከፈት አለበት። ፍላሹ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ካዩ አንዱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል ቅጥያ አለው። ከዊንዶውሱ ዘዴ ጋር የሚስማማውን ይምረጡ።

የሚንት ዝርዝር ሲመጣ የመጀመሪያውን ይምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በተለይ ኤንቪዲያ ካርድ ባለው ማሽን ላይ፣ ዘግተው እንደገና ያስነሱና «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ይምረጡ። ይህ የግራፊክስ ካርዱን በተራ ዘዴ ብቻ ያስነሳል፤ ፍጥነት የለውም፣ ለመጫን ግን ይበቃል።

ሳይጭኑ መፈተሽ

አሁን ሚንት ከፍላሹ ላይ እየሠራ ነው፤ ዲስክዎ አልተነካም። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ማጥፋት በኋላ ሳምንት ያተርፋል። የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይሞክሩ።

ዋይፋይ፦ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የኔትወርክ ምልክት ይንኩ። የሰፈሩ ኔትወርኮች ከተዘረዘሩ ካርዱ ይሠራል። በስም መታየቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ገብተው ድረ ገጽ ይክፈቱ፣ ከራውተሩ ሁለት ክፍል ርቀውም ይሞክሩ። ሲግናሉ ራውተሩ አጠገብ ብቻ ጥሩ ከሆነ በማስታወሻ ይያዙት፤ ምክንያቱን ከታች እናነሳዋለን። ምንም ካልተዘረዘረ በመጀመሪያ የላፕቶፑን የጎን ማብሪያ ወይም የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዩ።

ድምፅ፦ ከስፒከሩም ከጆሮ ማዳመጫውም። ማይክሮፎኑን በሳውንድ ቅንብር ውስጥ «ኢንፑት» በሚለው ላይ እየተናገሩ መስመሩ ሲንቀሳቀስ ያዩታል። ካሜራውንም ይክፈቱ፤ የኦንላይን ስብሰባ ላይ መገኘት ላለበት ሰው እነዚህ ሁለቱ ከማንኛውም ነገር አይተናነሱም።

እንቅልፍ፦ ክዳኑን ዘግተው ሁለት ደቂቃ ቆይተው ይክፈቱ። ስክሪኑ ካልተመለሰ ይጻፉት። የብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹን፣ ታችፓዱን፣ በሁሉም ዩኤስቢ ቀዳዳዎች ፍላሽ፣ ፕሮጀክተር የሚጠቀሙ ከሆነ ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ መውጫውን ይሞክሩ።

በመጨረሻ «ሲስተም ሪፖርትስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በአዲሶቹ እትሞች «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ተብሏል። «ኔትወርክ» እና «ግራፊክስ» በሚሉት ሥር የካርዱ ትክክለኛ ስምና «ድራይቨር» የሚል ቃል አለ። ከድራይቨር ቀጥሎ ስም ካለ ሊኑክስ ካርዱን አውቆታል፤ ባዶ ከሆነ ወይም «ኤን/ኤ» (N/A) ካለ አላወቀውም። ይህን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። እርዳታ ሲጠይቁ «ዋይፋዬ አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ሪልቴክ 8723ቢኢ ነው» ማለት መልሱን በደቂቃ ያስገኛል።

መጫን

ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ከግማሽ በላይ ይሁን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ወይም በዩፒኤስ ይሥሩ፤ ፓርቲሽን በሚስተካከልበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ የዊንዶውሱ ፋይል ጭምር ሊበላሽ ይችላል።

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ይክፈቱ። ቋንቋና ኪቦርድ ከመረጡ በኋላ «የመልቲሚዲያ ኮዴኮች ይጫኑ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ አንዳንድ ቪዲዮና ሙዚቃ አይከፈትም። ሴኪዩር ቡት ክፍት ከሆነ እዚህ ላይ ፓስወርድ ሊጠይቅ ይችላል። ቢያንስ 8 ሆሄ ያለው ቀላል ፓስወርድ ይስጡና ይጻፉት፤ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ዊንዶውሱንም ፋይሉንም ይጠርጋል፤ ባካፕ ላለውና ሊኑክስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቀላሉ እርሱ ነው። «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» የሚለው ያዘጋጁትን ባዶ ቦታ ራሱ ይጠቀማል። «ሌላ ነገር» የሚለው ሦስተኛው ምርጫ ክፍፍሉን በእጅ ለመሥራት ነው፤ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ሙሉ በሙሉ ለሊኑክስ ከሆነ የምንመክረው ይህ ነው፦ 512 ሜጋባይት ለኢኤፍአይ (ለማስነሻው) ፓርቲሽን፣ 60 ጊጋባይት ለሩት (ለሲስተሙ) በኤክስት4፣ የቀረው ሁሉ ለሆም (ለግል ፋይሎች) በኤክስት4። ሆም ለብቻው ሲሆን ወደፊት ሚንትን እንደገና ሲጭኑ የግል ፋይሎችዎ አይነኩም። ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) መክፈት አያስፈልግም፤ ሚንት የስዋፕ ፋይል ራሱ ይሠራል። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ላይ ግን ያለውን የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፎርማት እንዳያደርጉ፤ የዊንዶውስ ማስነሻ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ጫኚው ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ባዮስ ውስጥ የሳታ ዘዴው «ሬይድ» ወይም «ኢንቴል አርኤስቲ» ላይ ነው። ወደ «ኤኤችሲአይ» ሲቀየር ዲስኩ ይታያል። ዊንዶውሱ የሚቀር ከሆነ ግን በቀጥታ አይቀይሩት፤ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ይቀራል። አስቀድመው ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዘጋጅተው፣ ባዮሱን ቀይረው፣ በሴፍ ሞድ አንድ ጊዜ ካስነሱት በኋላ ወደ መደበኛው ይመልሱት።

ጭነቱ አልቆ ሪስታርት ሲል ፍላሹን ይንቀሉ። ቀደም ሲል የሴኪዩር ቡት ፓስወርድ ሰጥተው ከነበረ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፦ «ኢንሮል ኤምኦኬ»፣ «ኮንቲኒዩ»፣ «የስ»፣ ከዚያ ፓስወርዱ። ይህ ገጽ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። ካመለጠዎት ሚንት ይነሳል፤ ነገር ግን የኤንቪዲያና የብሮድኮም ድራይቨሮች ተጭነውም አይሠሩም። ያኔ ቀላሉ መንገድ ባዮስ ውስጥ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ነው።

ቀጥታ ዊንዶውስ ከተነሳ

ባዮስ ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ይዩ፤ ሚንት የሚጻፈው «ኡቡንቱ» በሚል ስም ስለሆነ አይደናገሩ፣ እርሱን ከዊንዶውስ በላይ ያድርጉት። አንዳንድ ኤችፒ ማሽኖች ቅደም ተከተሉን ችላ ብለው ሁልጊዜ ዊንዶውስን ያስነሳሉ፤ በኤሊትቡክ ላይ «ከስተማይዝድ ቡት» የሚል ምርጫ ስላለ የኡቡንቱን ሺም ፋይል (የማስነሻ ፋይሉን) መንገድ እዚያ ይጽፉለታል። ኤሰር ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ አውጥተው፣ ከዚያ የኡቡንቱን ፋይል «ታማኝ» ብለው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ይህም ካልሆነ በፍላሹ አስነስተው «ቡት ሪፔር» የተባለውን ያስኪዱ፤ ከሚንቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ዊንዶውስ ውስጥ ሲገቡ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ከተዛባ ግራ አይጋቡ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፤ የኢትዮጵያ ልዩነት ልክ 3 ሰዓት ነው። ሊኑክሱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያስማማው በተርሚናል የሚጻፈው ትዕዛዝ ታይምዴትሲቲኤል ሲሆን «ሴት-ሎካል-አርቲሲ» የሚለው አማራጭና ቁጥር 1 ይከተሉታል (timedatectl set-local-rtc 1)።

ዋይፋይ

ዋይፋይ ከሌለ ድራይቨር ማውረድ አይቻልም፤ ድራይቨር ከሌለ ዋይፋይ የለም። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው አንድሮይድ ስልክና የቻርጀር ገመድ ነው። ስልኩን በገመድ አገናኝተው በሆትስፖት ቅንብር ውስጥ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ያብሩ። ሚንት እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፣ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ግን ምርጫው ስለማይበራ ሌላ ገመድ ይሞክሩ። የጫኑበትን ፍላሽ ቢሰኩም ድራይቨር ማኔጀሩ የብሮድኮምን ድራይቨር ያለ ኢንተርኔት ከፍላሹ ላይ ያነሳል።

የኢንቴል ካርዶች ያለ ምንም ሥራ ይሠራሉ፤ ቲንክፓድና ላቲቲዩድ ብዙ ጊዜ ኢንቴል አላቸው። ብሮድኮም፣ ለምሳሌ 4312፣ 4313 ወይም 43142፣ ከሆነ «ድራይቨር ማኔጀር» ከፍተው የሚያሳየውን የብሮድኮም ድራይቨር መርጠው ሪስታርት ያድርጉ። ሪልቴክ 8821ሲኢ ከከርነል (ከሊኑክስ እምብርት) 5.9 ወዲህ ድጋፍ ስላለው በሚንት 22 ራሱ ይነሳል።

በአንዳንድ ኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ያለው ሪልቴክ 8723ቢኢ ግን ለብቻው መነገር አለበት። ኔትወርኩን የሚያየው ራውተሩ አጠገብ ሲሆኑ ብቻ ነው። ምክንያቱ ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ ሲኖረው ፋብሪካው አንድ አንቴና ብቻ በመግጠሙ ነው፤ ድራይቨሩ ባዶውን መሰኪያ ሲመርጥ ሲግናል ያጣል። መፍትሔው የድራይቨሮች አማራጭ በሚጻፍበት በሞድፕሮብ (/etc/modprobe.d) ቅንብር ፎልደር ውስጥ ለዚህ ድራይቨር «አንት_ሰል» (ant_sel) የተባለውን አማራጭ 1 ወይም 2 ብሎ መጻፍና ሪስታርት ማድረግ ነው። በአንዱ ካልተሻሻለ ሌላውን ይሞክሩ።

ካርዱን መቀየር ከፈለጉ ቲ430 የሚቀበለው አጭሩን ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ ቲ440 ደግሞ ኤም.2ን ነው። እነዚህ ማሽኖች ግን ባዮሳቸው የሚያውቃቸውን ካርዶች ብቻ ያስገባሉ፤ ሌላ ከሰኩ ቲንክፓድ «1802»፣ ኤችፒ ደግሞ «104» የሚል ስሕተት አሳይቶ አይነሳም። ስለዚህ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ካርድ ይፈልጉ፣ ወይም ትንሽ ዩኤስቢ ዋይፋይ ይግዙ። ሲገዙ ቺፑን ይጠይቁ፦ አቴሮስ 9271 ያለ ድራይቨር ይሠራል። ቲፒ-ሊንክ 722ኤን የሚባለው ታዋቂ ዕቃ የመጀመሪያው ቨርዥን ላይ ይህን ቺፕ ነበረው፤ ከሁለተኛው ቨርዥን ጀምሮ ግን በሪልቴክ ተተክቷል፣ መልኩም ስሙም ያው ነው። ቨርዥኑ ከጀርባው ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ግራፊክስ

ኢንቴልና ኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ጋር ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ኤንቪዲያ ካለ ድራይቨር ማኔጀሩ «ሪኮመንድድ» ያለውን ይምረጡ። ሚንት ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ላይ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ሲበራ ኢስኬፕ መትተው የግራብ (የሊኑክስ ማስነሻ ምርጫ) ዝርዝሩን ያውጡ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሪከቨሪ ሞድ»፣ ከዚያ «ሪዙም» ይበሉ፤ ገብተው ድራይቨሩን ይጭናሉ።

ቲ430 ከኤንቪዲያ ኤንቪኤስ 5400ኤም ጋር የመጣ ከሆነ አይድከሙበት። ይህ ካርድ የሚፈልገው 390 የተባለው ድራይቨር በኡቡንቱ 24.04 ላይ የለም። ባዮስ ውስጥ በኮንፊግ፣ ዲስፕሌይ ሥር «ኢንተግሬትድ ግራፊክስ» ብቻ ያድርጉት። ለቢሮ ሥራና ለቪዲዮ ኢንቴሉ በቂ ነው፤ ማሽኑ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ባትሪውም ይረዝማል።

ድምፅ፣ እንቅልፍ፣ ባትሪ

ድምፅ ከሌለ በሳውንድ ቅንብር ውስጥ «አውትፑት» የሚለው ኤችዲኤምአይ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ስፒከሩን ይምረጡ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ክዳን ተዘግቶ ባትሪው በቦርሳ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ማሽኑ በትክክል እየተኛ አይደለም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በወጡ አንዳንድ ቲንክፓዶች ባዮስ ውስጥ «ስሊፕ ስቴት» የሚል ምርጫ አለ፤ ከ«ዊንዶውስ 10» ወደ «ሊኑክስ» ይቀይሩት። የቆዩት ማሽኖች ይህ ችግር አይበዛባቸውም።

ለባትሪ «ቲኤልፒ» የተባለውን ከሶፍትዌር ማኔጀር ይጫኑ። ቲንክፓድ ላይ የቻርጅ ገደብ መወሰን ያስችላል፤ ለምሳሌ 75 ከመቶ ሲደርስ እንዲጀምርና 80 ላይ እንዲያቆም። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ለሚውል ማሽን ይህ የባትሪውን ዕድሜ ያረዝማል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ግን ገደቡን ባያደርግ እንመርጣለን፤ መብራት ሲጠፋ የሚጎድለው 20 ከመቶ ከባትሪው ዕድሜ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ፕሪንተር

ብዙ ፕሪንተር ሲሰካ ራሱ ይታወቃል። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102፣ 1018 እና 1020 ግን «ኤችፒሊፕ» የተባለው የኤችፒ ፕሪንተር ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላም ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋሉ። ፕለጊኑን በኤችፒሊፕ ማዘጋጃ በኩል ከኢንተርኔት ያወርዳሉ። ፕለጊኑ ከሌለ ፕሪንተሩ በዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ሥራውም የተላከ ይመስላል፣ ወረቀት ግን አይወጣም።

አማርኛ መጻፍ

ኪቦርድ ቅንብር ውስጥ «አምሃሪክ» የሚል ሌይአውት ስላለ ብዙ ሰው እርሱን ጨምሮ ይበሳጫል። ያ ሌይአውት አንድን ቁልፍ ከአንድ ፊደል ጋር ብቻ ስለሚያያይዝ ተነባቢና አናባቢን አያዋህድም። የሚያስፈልግዎት «አይባስ» እና ከእርሱ ጋር «አይባስ-ኤም17ኤን» የተባለው ጥቅል ነው። ሁለቱንም በሶፍትዌር ማኔጀር ይጫኑ፤ «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከፍተው አይባስን ይምረጡ፤ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ይህ መውጣትና መግባት ካልተደረገ አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ ብቻ ይሠራል። ከዚያ በአይባስ ምርጫዎች፣ «አድ»፣ «አምሃሪክ»፣ «ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ።

ሴራ በላቲን ድምፅ መጻፍ ነው፤ ሰላም የሚለው ቃል ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲመቱ ይወጣል። ከሌሎች ዘዴዎች የመጣ ሰው የሚስታቸው ጥቂት ናቸው፦ ሸ በኤክስ ቁልፍ፣ ጠ በትልቁ ቲ፣ ኘ በትልቁ ኤን ይጻፋሉ።

ፊደሉን ለማየት ምንም አይጎድልም፤ ኖቶና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች የግዕዝ ፊደልን ይሸፍናሉ። በዊንዶውስ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ሊብሬኦፊስ ውስጥ ሲከፈት በሌላ ፎንት ስለሚተካ የገጽ ልኩ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ለኅትመት የሚሄድ ሰነድ ከሆነ ፒዲኤፍ ያድርጉት። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ግን የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። እነዚያ ፎንቶች ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ በመሆናቸው ጽሑፉ በውስጡ የተቀመጠው በላቲን ኮድ ነው። ፎንቱ ያለበት ዊንዶውስ ሳይጠፋ እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርጎ ማውጣት ይገባል።

ማሻሻያና ታይምሺፍት

ሁሉም ሲሠራ፣ ከመጀመሪያው ትልቅ ማሻሻያ በፊት፣ «ታይምሺፍት» ከፍተው የሲስተሙን ቅጂ ይውሰዱ። አርሲንክ የሚለውን ዘዴ መርጠው በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጂ እንዲወስድና ሁለት ቅጂ ብቻ እንዲያስቀምጥ ያድርጉት፤ ከዚያ ካለፈ ዲስኩን ይሞላል። የግል ፋይልዎን ግን አይጨምርም፣ ለእርሱ የተለየ ባካፕ ያስፈልጋል።

ከዚያ «ሶፍትዌር ሶርስስ» ውስጥ የማውረጃ ሰርቨሮቹን ፍጥነት አወዳድረው ለእርስዎ መስመር የሚፈጥነውን ይምረጡና «አፕዴት ማኔጀር»ን ያስኪዱ። የመጀመሪያው ማሻሻያ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል ያልተገደበ መስመር ባለበት ቦታ ይሥሩት። አዲስ ከርነል ከመጣ በኋላ ዋይፋይ ወይም ድምፅ ከጠፋ፣ ሲነሳ በግራብ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መርጠው ይግቡ። በዚያ የሚሠራ ከሆነ አፕዴት ማኔጀር፣ «ቪው»፣ «ሊኑክስ ከርነልስ» ውስጥ ችግር ያመጣውን ያስወግዱና የቀድሞውን ይዘው ቀጣዩን እትም ይጠብቁ።